የጎሮ ቀጨማ ሐውልት ፊቱ ወደ ማን ነው?

ቀደም ሲል ሙሂዲን በጠዋት የሱቁን በር ሲከፍት መጀመሪያ የሚያየው የጉርሙን ፊት ነበር። አሁን የሚያየው መቀመጫ ነው። የሰው ይሁን የከብት ገና አልታወቀም። ከሲሚንቶ መሠራቱና ትልቅነቱ ብቻ ናቸው ያላከራከሩት። አዲሱ አደባባይ መሀል፣ አረንጓዴ በተቀባ የብረት አጥር ተከቦ፣ ከፍ ያለ መደብ ላይ ወጥቶ፣ ለእሱ ተብሎ የተላከ ይመስል ልክ ወደ ሙሂዲን ሱቅ ተደግኗል።

«ያ ረቢ! ገና በጠዋቱ!» ይልና ሙሂዲን ፊቱን ወደ ድስቶቹ ያዞራል።

ጎሮ ቀጨማ ከአምቦ ወደ ሸነን ሲኬድ፣ ጉደርን ካለፉ በኋላ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። መኪና ካልተበላሸበት በቀር መንገደኛ አይቆምባትም። በሁለት ነገር ግን ትታወቃለች፤ በቅዳሜ ገበያዋና በሙሂዲንና በጉርሙ ሰላምታ። ሙሂዲን በወጣትነቱ ከወራቤ በኩል መጥቶ የቀረ ስልጤ ነው፤ ድስት፣ ሳፋና ሸራ ይሸጣል። ጉርሙ የአገሩ ልጅ ነው፤ ማረሻ፣ ገመድና ምርጥ ዘር ይሸጣል። ሱቆቻቸው በመንገዱ ግራና ቀኝ ፊት ለፊት ይተያያሉ። በየጠዋቱ ሙሂዲን በኦሮምኛ ይጀምራል፤ ጉርሙ በአማርኛ ይመልሳል።

«አካም ቡልቴ፣ ጉርሙ!»

«እግዜር ይመስገን! አንተስ እንዴት አደርክ? ሳቢራስ? ልጁስ? ድስቱስ፣ ሳፋውስ?»

«ሁሉም ነጋ፣ ሁሉም ሰላም ነው! ማረሻውስ?»

ይህ ሰላምታ አስፋልቱን አቋርጦ ሲመላለስ ከተማው በሙሉ መንጋቱን ያውቃል። ሁለቱ አንዱ ሱቅ ተቀምጠው ሲጨዋወቱ ደግሞ፣ ጉርሙ አንድ ነገር ለማንሳት ዞር ካለ «ጀርባዬን ሰጠሁህ፣ ይቅርታ» ይላል። ሙሂዲንም «ምን ገዶኝ! አበባ ፊትና ጀርባ የለውም» ይለዋል። ጉርሙ እንኳን አበባ ሊመስል፣ ከኋላው ሲያዩት የእህል ጎተራ ነው። ግን ወግ ነውና ይባላል፤ ሰምቶ የማያውቅ እንኳ ሲሰማው ደስ ይለዋል።

ነገሩን ሁሉ ያመጣው አስፋልቱ ነው። መንገዱ ሲሠራ መሀል ከተማ ላይ ክብ አደባባይ ተረፈ። ባዶ አደባባይ ደግሞ አያስችልም፤ ኮሚቴ ተቋቋመ። ለሰብሳቢነት ከጉርሙ የተሻለ አልተገኘም፤ ሲናገር ይደመጣል፣ ሲቀመጥም ወንበር ይሞላል። ኮሚቴው ለሊሳ የሚባል ቀራጺ ከአምቦ አስጠራ። ለሊሳ ቀጭን፣ ጸጉሩን ያሳደገ፣ ሲጠይቁት ከመመለሱ በፊት ረጅም ጊዜ ሰማይ የሚያይ ወጣት ነው። «ምን ልትሠራ ነው?» ቢሉት «ሲያልቅ ይናገራል» አለ። ኮሚቴው ይህን ሐውልቱ ድምፅ ያወጣል ብሎ ተረድቶት መብራት እንዲገባለት አስጠየቀ።

በምርቃቱ ዕለት ሐውልቱ ከሙሂዲን ሱቅ በተወሰደ ሰማያዊ ሸራ ተሸፍኖ ቆመ። ሕዝቡ ከጠዋት ጀምሮ ተሰብስቦ ከላይ የሚመጣውን እንግዳ ይጠብቅ ጀመር። እንግዳው ዘገየ። ደመናው ጠቆረ። በዚህ ጊዜ የአገር ሽማግሌው ኦቦ ቀነዓ በበትራቸው መሬቱን መታ አደረጉና፣ «እንግዳው ቢቀር ዝናቡ አይቀር። እኛ እንመርቀው፣ እሱ ሲመጣ ይየው» አሉ። ሐውልቱ በሸራው እንደተሸፈነ ምርቃቱን አወረዱት። ጥጋብ ሁን አሉ፤ ሕዝቡ ይሁን ሲል «ሃ ታኡ!» አለ። ሰላም ሁን አሉ፤ «ሃ ታኡ!» አለ። ለልጅ ልጅ ተርፈህ ኑር አሉ፤ «ሃ ታኡ!» ከዚያ ሸራው ተሳበ።

ሁሉም አንገቱን አዘንብሎ አየ። ከኋላ አንድ ሰው አጨበጨበ፤ በኋላ ሲጣራ ለካ ትንኝ እየገደለ ኖሯል።

ነገሩ አራት እግር ነበረው። ከአራቱ እግሮች በላይ ደግሞ ግራና ቀኝ ያበጠ፣ መሀሉ ላይ ጉብ ያለ አንድ ትልቅ ጓል። ወዲያው ዝናቡ መጣና ሁሉም ወደየቤቱ ሮጠ። ሐሜቱ ግን ከዝናቡ ቀድሞ ደረሰ።

እንግዲህ ትርጉም ፍለጋው ተጀመረ። ማዕዘኑ ላይ ሻይ የምትሸጠው ጥሩነሽ «ያልበሰለ ዳቦ ነው» አለች። ሹፌሮቹ የተንበረከከች ግመል ናት አሉ። ለገበያ የመጣ አንድ ገበሬ አጥሩን ተደግፎ ሲመረምረው ቆየና «ጥርሱ ሳይታይ ስለ ዕድሜው መናገር አይቻልም» ብሎ ሄደ። መምህር ገብረአማኑኤል ደግሞ ሻይ ቤት ቆሞ ሰፊ ማብራሪያ ሰጠ። «ይህ ጥልቅ ነው። ያለፈው ዘመንና መጪው ዘመን በአንድ አካል ላይ ተገናኝተዋል» አለ። «መጪው ዘመን በየት በኩል ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ ወደ ጉርሙ ሱቅ ጠቆመ። ጥሩነሽ ይህን ለሙሂዲን ሳታደርስ አላደረችም።

አንድ ነገር ግን ማንም በአፉ አላወጣም። ሐውልቱን ዞሮ ያየው ሁሉ «ፊቱ በዚያኛው በኩል መሰለኝ» ይላል እንጂ ፊት የለውም አይልም። እንዴት ይበል? ፊት የለውም ማለት፣ የኦቦ ቀነዓ ምርቃት ፊት በሌለው ነገር ላይ ወረደ ማለት ነው። ሽማግሌ የመረቀውን ደግሞ ማፍረስ ቀርቶ ማማትም ነውር ነው። ስለዚህ ሁሉም ዓይኑ ያየውን ወደ ሆዱ አስገባና፣ ፊት መኖሩ የታወቀ ሆኖ፣ ወደ ማን ነው የሚለው ብቻ ክርክር ሆነ።

ሙሂዲን ክርክር አላስፈለገውም። የሚያየውን ያያል። በምርቃቱ ማግስት አስፋልቱን ተሻግሮ ጉርሙ ሱቅ በር ላይ፣ ጀርባውን ለአደባባዩ ሰጥቶ ቆመ።

«ጉርሙ፣ የኮሚቴው ሰብሳቢ አንተ ነህ አይደል?»

«እኔ ነኝ።»

«ይህ ነገር ወዴት ዞሮ ይቁም የሚለውን የወሰንከውም አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ» አለ ጉርሙ። ፈገግ ብሎ ነበር፤ ምስጋና የሚጠብቅ ሰው ፈገግታ። ሙሂዲን ግን የሹፈት ነው ብሎ አሰበና ደሙ ፈላ።

«ታዲያ ያን ሁሉ ዘመን ጎረቤት ሆነን ቂጥ ታዞርብኛለህ? ሌላ አቅጣጫ ጠፍቶ ነው? ሰሜን የለም? ደቡብ የለም?»

የጉርሙ ፈገግታ እዚያው ፊቱ ላይ ደረቀ። «እኔ? እኔ ነኝ ባንተ ላይ...»

«ዓይን አለኝ እኮ!»

«እንግዲያስ ታጠበው!» አለ ጉርሙ፤ ከዚያ ጆሮው ድረስ ቀልቶ ወደ ጓዳ ገባ። «ጀርባዬን ሰጠሁህ» እንኳ አላለም።

በማግስቱ ጠዋት ሰላምታ አልተሰማም። የከተማው ሰው ሰዓቱ ጠፋበት። ጥሩነሽ ውሃ የጣደችው አርፍዳ ነው።

ጠቡ በዚህ ቢያበቃ ሰው ስቆበት ባለፈ። ነገር ግን ቡርሃን ነበረ። ቡርሃን የሙሂዲን ሟች ወንድም ልጅ ነው፤ ሙሂዲን ከሕፃንነቱ ጀምሮ አሳድጎታል፣ እንደ ልጁም ይወደዋል። ቡርሃን አምቦ የምትኖር አፍናን የምትባል ልጅ ወዷል፣ እሷም ወዳዋለች፣ ሽማግሌ የሚላክበትም እሑድ ተቆርጧል። የአፍናን አባት ዓብዱልሰላም ደግሞ ድሮ ጎሮ ቀጨማ ሲነግድ የጉርሙ ቤት ተከራይ ነበር። ያኔ የተናገረውን እስከ ዛሬ አላጠፈም። «ጉርሙ አዎ ካለ አዎ ነው። ጉርሙ የሌለበት ሽማግሌ ግን ሻይ ጠጥቶ ይመለሳል።» በዚያው ሳምንት እንኳ ስልክ ደውሎ፣ «ከጉርሙ ጋር ናችሁ አይደል የምትመጡት?» ብሎ ጠይቋል። ሙሂዲን «ኢንሻአላህ» ብሎ ስልኩን ዘጋ። ምን ይበል? ከሲሚንቶ ጋር ተጣልቻለሁ ይበል?

ቡርሃን ግን ድስቶቹን ያለ አንዳች ድምፅ ይደረድራል፣ ያለ አንዳች ድምፅ ይጠርጋል። ሙሂዲንን የገደለው ይህ ዝምታ ነው። ልጁ ቢቆጣ እሱም ተቆጥቶ ይወጣለት ነበር።

በመታረቅ ፋንታ ግን ሙሂዲን ሸራ አወጣ። ሐውልቱ በምርቃቱ ዕለት የተሸፈነበትን ያንኑ ሰማያዊ ሸራ ከሱቁ ደጃፍ ላይ እንደ መጋረጃ ሰቀለው። ደንበኛ በጎን እየሾለከ ይገባ ጀመር። በማግስቱ ጉርሙም በበኩሉ ጆንያ ሰፍቶ በሩ ላይ ሰቀለ። ሲጠየቅ «ለአቧራ ነው» አለ።

«አቧራ!» አለ ሙሂዲን ለሚስቱ ለሳቢራ። «አስፋልት ላይ አቧራ! እኔን ላለማየት ነው እንጂ። ፊቱን ለራሱ ወስዶ፣ ኋላውን ለእኔ ሰጥቶ፣ አሁን ደግሞ ይጋረዳል!»

ሳቢራ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ቢላዋውን አስቀመጠች። «አንተ ሰውዬ፣ ልጁ ሚስት ያግባ ወይስ አንተ ከድንጋይ ጋር ተካሰስ?»

«ሲሚንቶ ነው።»

«ይሁንልህ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ስትል አልነበር? ወንድምህ ሲሞት ድንኳኑን የተከለው ማን ነው? ወራቤ ያለው ዘመድህ ነው?»

ሙሂዲን መልስ የሌለው ሰው እንደሚያደርገው ስልኩን አንስቶ ወጣና ቀራጺው ለሊሳ ዘንድ ደወለ።

«ልጄ፣ ሙሂዲን ነኝ፣ ከጎሮ ቀጨማ፣ ባለ ድስቱ። አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ፊቱ በየት በኩል ነው?»

በዚያኛው ጫፍ ለረጅም ጊዜ ዝም ተባለ። ሰማይ እያየ መሆን አለበት።

«ጋሼ» አለ ለሊሳ በመጨረሻ፤ ድምፁ ሥጋት ያዘለ ነበር። «ጥበብን እንደዚያ ብሎ መጠየቅ አይቻልም። ግማሹን እኔ ሠራሁት፣ ግማሹን ተመልካቹ ይጨርሰዋል።»

«እንዴት ነው እኔ የምጨርሰው? ሲሚንቶ ላምጣ?»

«በልብዎ ማለቴ ነው።»

«ልቤ በልክ ጨርሶታል፤ ቂጥ ነው ብሏል!»

ስልኩ ተቋረጠ። ኔትወርክ ነው ወይስ ለሊሳ ነው፣ አላህ ይወቀው።

ከእሑዱ በፊት ባለው ቅዳሜ ገበያው ሞልቶ ሳለ ኦቦ ቀነዓ በበትራቸው እየተደገፉ አደባባዩ ላይ ደረሱ። ሳቢራ ቤታቸው ድረስ ሄዳ «አባቴ፣ የመረቁት ነገር ቤቴን ሊያፈርስ ነው» ብላ አልቅሳባቸው ኖሯል። ለሊሳንም ከአምቦ አስጠርተውታል፤ አጥሩ ሥር ቆሞ ጥፍሩን ይበላል። ሽማግሌው ሙሂዲንንና ጉርሙን ከየሱቃቸው አስወጡና ሐውልቱ ሥር አቆሟቸው። ሰው ሁሉ በጉን፣ ዶሮውንና ሽንኩርቱን ትቶ ከበባቸው።

«ሳይደርቅ በርጥብ፣ ሳይርቅ በቅርብ ይባላል» አሉ ኦቦ ቀነዓ። «ይህ ነገራችሁ ግን እንደ ሐውልቱ ሲሚንቶ ደርቋል። ሙሂዲን፣ ክስህ ምንድን ነው?»

«ኦቦ፣ በጎረቤቴ ተዋረድኩ። ኋላውን ወደ እኔ አዞረው።»

«ጉርሙ፣ አንተስ?»

ጉርሙ መሬት መሬቱን አየ። «ዲሲ፣ ይቅር። እኔ የምናገረው የለኝም።»

«የለኝም ማለት አለኝ ማለት ነው» አሉ ሽማግሌው። «ደግ። የሚናገር ከሌለ የሚያይ ይኑር። ሙሂዲን፣ ሂድና ጉርሙ በር ላይ፣ ጉርሙ በሚቀመጥበት በርጩማ ላይ ተቀመጥ። ጉርሙ፣ አንተም የሙሂዲን በር ላይ። መጋረጃዎቻችሁን አንሡ። ከዚያ ያያችሁትን እዚህ መጥታችሁ ትነግሩኛላችሁ። ዋሽቶ የሚመጣ ምርቃቴ አይድረሰው።»

ሙሂዲን አስፋልቱን ተሻገረ። ከጠቡ ወዲህ ወደዚያ በኩል እግሩን አላነሳም፤ መስጊድ ሲሄድ እንኳ አንገቱን ደፍቶ በጓሮ ነበር የሚዞረው። ጆንያውን ገለጠ። የጉርሙን በርጩማ ስቦ ተቀመጠ። በሆዱ እየተበሳጨ፣ ለጉርሙ የተሰጠውን ያን ያማረ ፊት፣ ያን መጪውን ዘመን ለማየት ቀና አለ።

ቂጥ ነበር።

ዓይኑን ጠረገ። አሁንም ቂጥ ነበር። እንዲያውም ከእሱ በኩል ካለው ይበልጥ ሰፊ ነው፤ በዚያ ላይ ወደ በሩ ዘንበል ብሏል። ጉርሙ በዚህ በር ላይ ተቀምጦ፣ ከጠዋት እስከ ማታ፣ ምንም ሳይናገር፣ ይህን ሲያይ ኖሯል። ጆንያው ለአቧራ አልነበረም፤ እሱን ላለማየትም አልነበረም።

ቀና ብሎ ወደ ማዶ ሲያይ ጉርሙ የሱቁ በር ላይ፣ የእሱ በርጩማ ላይ፣ አፉን ከፍቶ ተቀምጧል። ሁለቱም በአንድ ጊዜ ተነሡ። አደባባዩ ላይ ሲገናኙ መጀመሪያ የተናገረው ጉርሙ ነበር።

«ሙሂዲን፣ ወንድሜ፣ ያንተም በኩል እኮ...»

«ያንተም በኩል» አለ ሙሂዲን። «ለምን አልነገርከኝም?»

ጉርሙ ትንፋሹን ሳበ። «እኔ ለሊሳን ምን አልኩት መሰለህ? ሐውልቱ ሳይመጣ በፊት ጠርቼው፣ ‹ፊቱን ወደ ሙሂዲን አድርግልኝ። እንግዳ ሆኖ መጥቶ ከእኛ ጋር የኖረ ሰው ነው፤ ጠዋት ሲከፍት ፊት ይየው። ጀርባውን እኔ እችለዋለሁ› አልኩት። ሸራው ሲነሣ በእኔ በኩል ጀርባ አየሁ፤ ደስ አለኝ። ይኸው ፊቱ ለሙሂዲን ደረሰው አልኩ። በማግስቱ መጥተህ ስትጮህብኝ፣ ሰውየው ፊት ተሰጥቶት ፊት አይደለም ይላል ብዬ ተቀየምኩ።»

«ይህን ያኔ ብትለኝ ምን ነበረበት?»

«ውለታ ተቆጥሮ ይነገራል እንዴ?»

ሙሂዲን ዞሮ ወደ ሰማያዊው ሸራው አየ። ያን ሁሉ ቀን ሸራ ሰቅሎ የተጋረደው ከማን ነበር? አፈረ፤ እንደዚያ አፍሮ አያውቅም። ገበያተኛ ፊት ማልቀስ ነውር ነውና ሳል አስመሰለው። ሳሉ ግን እንባ ነበረው፤ ሳቢራ አይታዋለች።

«አፉ በለኝ» አለና ጎንበስ አለ።

«ኧረ አንተ አፉ በለኝ!» አለና ጉርሙም ጎንበስ አለ።

እንደ ወጉ ታናሽ ዝቅ ማለት አለበት፤ ከሁለቱ ማን ታናሽ እንደሆነ ግን ተስማምተው አያውቁም። ሙሂዲን ዝቅ ሲል ጉርሙ ይበልጥ ዝቅ ይላል፣ ጉርሙ ዝቅ ሲል ሙሂዲን ይብሳል። በመጨረሻ ግንባር ለግንባር ገጠሙና፣ ትከሻ ለትከሻ ተያይዘው፣ ወገባቸው ታጥፎ፣ የሙሂዲን ኋላ ወደ ጉርሙ ሱቅ፣ የጉርሙ ኋላ ወደ ሙሂዲን ሱቅ እንደዞረ ቀሩ። ቀና በማለት የመጀመሪያው ለመሆን ሁለቱም አልፈለጉም።

መጀመሪያ የጮኸችው ጥሩነሽ ናት። «እዩት! እዩት! ሐውልቱን እዩት!»

ሕዝቡ ወደ ሐውልቱ አየ። ወደ ሁለቱ አየ። እንደገና ወደ ሐውልቱ። አራት እግር። ግራና ቀኝ ያበጠ። መሀሉ ላይ፣ ሁለት ራስ የሚገጥምበት ቦታ ላይ፣ ጉብ ያለ።

«እነሱ ናቸው!» አለ አንዱ። «ሰላምታ ነው!» አለ ሌላው። «ዕርቅ ነው!» አለች አንዲት ሴትና እልልታዋን ለቀቀችው። መምህር ገብረአማኑኤል እጁን አንሥቶ «እኔ መጀመሪያውኑ መገናኘት ነው ብዬ አልነበር?» ቢልም የሰማው የለም። ኦቦ ቀነዓ በበትራቸው ተደግፈው ሐውልታቸውን ሽቅብ አዩ፣ ከምርቃቱ ዕለት ጀምሮ ደረታቸው ላይ ተቀምጦ የነበረው ሸክም ሲወርድላቸው ታየ። «እኔስ ያለ ነገር መረቅሁ?» አሉ።

ከዚያ ሁሉም ወደ ለሊሳ ዞረ። «አንተ ልጅ፣ ይህን ማለትህ ነበር?»

አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል ይባላል። ለሊሳ አፉን አልከፈተም። ረጅም ጊዜ ሰማዩን አየ፣ ከዚያ በጣም በዝግታ ራሱን ነቀነቀ። ሕዝቡ ተሸክሞ አደባባዩን አዞረው።

ገበያው ሲበተን ለሊሳ ጸጉሩ ተንጨባርሮ ወደ ሙሂዲን ሱቅ ገባ። ሙሂዲን ሸራውን አውርዶ እያጠፈ ነበር። ጉርሙ ጆንያውን ሊያወርድ ወደ ማዶ ተሻግሯል።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልንገርዎ፤ አለበለዚያ እንቅልፍ አይወስደኝም» አለ ወጣቱ። «ኮርማ ነበር።»

«ምኑ?»

«ሐውልቱ። ኮርማ ነበር። ትልቅ፣ ቀንዳም፣ ግንባሩ ላይ ቦቃ ያለበት። ጭንቅላቱን ለብቻ ነበር የሠራሁት። በአይሱዙ ጭነን ስንመጣ ጉደር ድልድይ ላይ መኪናው ነጠረና፣ ተፈናጥሮ ወንዙ ውስጥ ገባ። ምርቃቱ ደግሞ በነጋታው ነው። ምን ላድርግ? አንገቱን በሲሚንቶ ደፈንኩት። ስደፍነው፣ ስደፍነው ከኋላው ጋር አንድ ዓይነት ሆነብኝ።»

ሙሂዲን በበሩ ወደ አደባባዩ አየ። ሰዎች አጥሩ ላይ ተንጠላጥለው ፎቶ ይነሣሉ። ሁለት ጎረምሶች ግንባር ለግንባር ገጥመው ጎንበስ ብለዋል።

«ጭራውስ?» አለ።

«ጭራውን እንዲመሳሰል ብዬ ራሴ ቆረጥኩት።»

ሙሂዲን ቀስ ብሎ ተነሣና ከመደርደሪያው ላይ ክዳን ያላት ቆንጆ ድስት አንሥቶ ወጣቱን አስታቀፈው። «ይህን ለእናትህ ውሰድላት። የነገርከኝን ደግሞ እዚያው ወንዝ ጣለው። በተለይ ጉርሙ እንዳይሰማ። ለእኔ ብሎ ፊት ያዘዘ ሰው ነው፤ የታዘዘው ፊት ውሃ እንደወሰደው ቢሰማ ልቡ ይሰበራል። ገባህ?»

ለሊሳ አንድ ነገር ሊናገር አፉን ከፈተ። ድስቷን አየ። አፉን ዘጋ።

እሑድ ጠዋት ሽማግሌዎቹ በሚኒባስ ወደ አምቦ ተነሡ። ኦቦ ቀነዓ ጋቢና ተቀመጡ፤ ከኋላ ሙሂዲንና ጉርሙ ጎን ለጎን ተጣበቁ፤ የጉርሙ ጎን ለሁለት ሰው የሚሆን ቦታ ስለሚወስድ ሙሂዲን ግማሹ መስኮት ላይ ነበር። ጉደር ድልድይ ሲደርሱ ሙሂዲን ሳያስበው አንገቱን አሰገገና ቁልቁል ውሃውን አየ። አንድ ትልቅ ቦቃ ኮርማ ከሥር ሆኖ ዓሦቹ ላይ ሲያፈጥ ታሰበው። ሳቁ መጣ፣ ዋጠው። እንደገና መጣ። ወደ ጉርሙ ዞር ሲል ጉርሙም አንገቱን አስግጎ ውሃውን እያየ ነው። ትከሻው ይንቀጠቀጣል።

«ምን ያስቅሃል?» አለ ሙሂዲን።

«ምንም። አንተስ?»

«ምንም።»

ሚኒባሱ ትንሽ እንደሄደ ሙሂዲን ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቀ። «ያ ለሊሳ... አንተ ጋም መጥቶ ነበር?»

«ካንተ ቤት ወጥቶ» አለ ጉርሙ፤ ከንፈሩን ነክሷል። «ድስት ይዞ። የኮርማውን ነገር ሁሉ ነገረኝ። ‹ለሙሂዲን እንዳትነግር፣ ፊት ሰጠሁት ብዬ ደስ ብሎኝ የኖርኩበት ነው፣ እሱም ደስ ብሎታል› ብዬ ገመድ ሰጥቼ ሸኘሁት።»

ከዚያ በኋላ መናገር አልተቻለም። ሁለቱም አንዱ የሌላውን ጉልበት እየመታ፣ እንባቸው እየወረደ፣ ድምፃቸው ጠፍቶ ሳቁ። ሹፌሩ የታመሙ መስሎት መኪናውን ዳር አቆመ። ኦቦ ቀነዓ ዞር ብለው «ማል ታታን? ምን ሆናችሁ?» ሲሉ ሁለቱም ባንድ አፍ «አቧራ ነው!» አሉ። ሽማግሌው መስኮቱን ዘጉት። ለእሳቸውማ እንዴት ይነገራል? የመረቁት እሳቸው ናቸው።

አምቦ ዓብዱልሰላም ደጃፍ ሲደርሱ በሩ ጠባብ ነበር። ባለቤቱ ከውስጥ ሆኖ ጉርሙን ገና ሲያየው ፊቱ በራ። ኦቦ ቀነዓ በዕድሜያቸው ቀድመው ገቡ። ከዚያ ሁለቱ ደጃፉ ላይ ቆሙ።

«ግባ» አለ ሙሂዲን።

«ኧረ አንተ ቅደም።»

«ሽማግሌው አንተ ነህ፤ የተጠራኸው አንተ ነህ።»

«ያንተ ልጅ ጉዳይ ነው፤ አንተ ቅደም።»

ተጎነበሱ፣ ተገፋፉ፣ ተማጸኑ፤ ሻዩ ሊቀዘቅዝ ሆነ። በመጨረሻ ጉርሙ ተሸነፈና አጎንብሶ በጠባቡ በር መግባት ጀመረ። በሩ በሙሉ በእሱ ሞላ። ግማሽ ላይ ሲደርስ ወጉ ትዝ አለው፤ ቢሆንም መዞር አልቻለም። እንደታጠፈ ከውስጥ ጮኸ።

«ሙሂዲን፣ ጀርባዬን ሰጠሁህ፣ ይቅርታ!»

ሙሂዲን ከኋላው ቆሞ ያን በሩን የሞላ ሰፊ ነገር አየው። ልቡ በፍቅር ሞላ።

«ግባ፣ ወንድሜ» አለው። «ለምጄዋለሁ።»